የመዲና ቀሪ እንቅልፍ

በዚያ ዘመን ኮምቦልቻ ውስጥ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሠራተኛ አልነበረም። መዲና ይማም ጧት ከፈረቃ ትመለሳለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ ለአባቷ ቁርስ ታቀርባለች፣ ከዚያ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ከቀኝ ጆሮዋ ጀርባ የተቀበረችውን የምስር ፍሬ የምታህል አስተኚ በጣቷ ጫን ታደርጋለች። እጇ ወደ ትራሱ ሳይመለስ እንቅልፍ ወስዷታል። ሕልም የለም፣ መገላበጥ የለም፣ ማንኮራፋት እንኳ የለም። አባቷ አቶ ይማም መጀመሪያ ሰሞን በሩ ላይ ቆመው ትንፋሿን ያዳምጡ ነበር፤ ኋላ ለመዱት። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

አስተኚውን ያስቀበረላት ድርጅቱ ነው። ከቦርከና ወንዝ ማዶ፣ ድሮ ማሳ በነበረው ሜዳ ላይ፣ ለዓለም ሁሉ የሚያስቡ ማሽኖች የታጨቁባቸው አዳራሾች አሉት። ማሽኖቹ ሲያስቡ ይሞቃሉ፤ መዲናና መሰሎቿ ሌሊቱን እየዞሩ ያቀዘቅዟቸዋል። ሥራው ንቁ ዓይን ይፈልጋልና የሠራተኛው እንቅልፍ የድርጅቱ ጉዳይ ሆነ። የተኛውን ሰው ማን ሊጠራው እንደሚችል የሚወስነውም ድርጅቱ ነው። የጎርፍ ጥሪ ያልፋል። የእሳት ጥሪ ያልፋል። የድርጅቱ ጥሪ ከሁሉም ቀድሞ ያልፋል። የቀረው፣ የዘመድም ይሁን የጎረቤት፣ ተኚው እስኪነቃ ድረስ ደጅ ይጠናል። ቢጮሁባት፣ ቢነቀንቋት፣ ውሃ ቢደፉባት መዲና አትነቃም።

ድርጅቱ ራሱ ግን ማሽን ሞቀ በተባለ ቁጥር ይጠራታል። እኩለ ቀን ላይ ዓይኗ ብልጭ ይላል፤ ሮጣ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ቀጥላ ልትተኛ ብትጫነው አስተኚው አይሠራም። በድርጅቱ ጥሪ የተቆረጠ እንቅልፍ እንደተፈጸመ ይቆጠራላ! ሩቡን ብትተኛም ሙሉውን ተኝታለች፤ ደንቡ እንዲህ ነው። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖራለች። ዓይኗ ሥር የተጋደመውን ጥቁረት አጥር የምትጋራት እታገኝ «አንቺ ሴትዮ፣ ኩልሽ ወርዷል» እያለች ትቀልድባታለች።

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። በሰፈሩ ሰው ሲሞት ጠሪው ሙሄ ድሮ በየደጁ እየዞረ ይለፍፍ ነበር፤ አሁን አንዴ ሲናገር ጥሪው በየሰዉ ጆሮ ይገባል። የቅሬ ሕግ ግን አልተለወጠም። ሟች እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ ደግ ይሁን ክፉ፣ ጥሪ የሰማ ይወጣል፤ ወንዱ ይቆፍራል፣ ሴቷ ውሃ ትሸከማለች። ሦስት ቀብር ያጎደለ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣን ሰው ደግሞ፣ እሱንም ቤተሰቡንም፣ ሲሞቱ የሚሸከማቸው የለም። ድርጅቱ የራሱ ቀባሪ መኪና አለው ይባላል፤ ሹፌሩ እንኳ ከውስጡ አይወርድም።

መዲና ሁለት ቀብር አጉድላለች። ሁለቱንም ተኝታ ነው። ከነቃች በኋላ ግን ደጅ ሲጠና የዋለው ጥሪ ሲደርሳት ወደ ለቅሶ ቤት ሮጣ ሄዳ ደርሳለችና ሰው ብዙም አልተቀየማትም።

ነገር የተበላሸው አንድ ማክሰኞ ነው። ከሰዓት በኋላ ስትነቃ እንደ ልማዷ የዘገዩት ጥሪዎች ተራ በተራ ገቡላት፤ ከመካከላቸው አንድ የቅሬ ጥሪ አለ። ጥሪው ስም አይናገርም፤ ቅሬ ተጠርቷል ይላል፣ በቃ። አባቷ ከቀብር አልተመለሱም። ወደ ውጭ ስትወጣ የቅሬው ድንኳን ከታች በሰይድ ጫማ ሰፊው ደጅ ተተክሎ አየች። ሄደች፣ ተቀመጠች፣ የሰይድን ባለቤት አቅፋ ከልቧ አለቀሰች። ከዚያ የፈረቃዋ ሰዓት ደረሰና ልብሷን ልትቀይር ወደ ቤቷ ሮጠች።

ከእታገኝ እናት ከእማማ ውብዓለም ጋር የቆየ ቀልድ ነበራቸው። መዲና ወደ ሥራ ስትሄድ ሁልጊዜ በአጥሩ ላይ «እማማ! ዛሬም አልሞቱም?» ትላለች። አሮጊቷም ከወዲያ ማዶ «አንቺን ሳልቀብር የት ልሄድ!» ብለው ይመልሱላታል። ሁለቱም ይስቃሉ። ሰፈሩም ይስቃል፤ ይህ ቀልድ ያልተሰማበት ቀን ቀን አይመስልም ነበር።

ያን ማክሰኞም መዲና እየሮጠች፣ አንድ እጇን በሥራ ካፖርቷ እጅጌ እያስገባች «እማማ! ዛሬም አልሞቱም?» አለች።

መልስ የለም።

«ኧረ እማማ ውብዓለም! ዛሬስ እውነትም ሞቱ መሰለኝ!»

የእታገኝ ፊት በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ፊቷ ተልጧል። ከኋላዋ ግቢው ሙሉ ሰው ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ገና መመለሳቸው ነበር፤ ንፍሮ በእጃቸው ይዘው ሁሉም አንገታቸውን ወደ አጥሩ አዙረዋል። እታገኝ ፊቷን አዞረች። ብትሰድባት መዲና በወደደች!

ኋላ እንደታወቀው በዚያ ቀን ሁለት ሰው ነው የሞተው፤ ሰይድና እማማ ውብዓለም። ሙሄ ሁለት ጊዜ ጠርቷል። አስተኚው ግን አንድ ዓይነት ጥሪ ደጅ ሲጠና አንዱን ብቻ ነው የሚያቆየው፤ ሁለተኛው ሲመጣ «ይኸማ አለ» ብሎ ይጥለዋል። ሞት ለእሱ አንድ ሞት ነው። ቅሬውም ድንኳኑ አንድ ስለሆነ ቀድሞ ለተጠራለት ለሰይድ ቤት ተሰጥቶ ነበር።

ቅሬው እሑድ ከሰዓት በሰፈሩ አዳራሽ ተሰበሰበ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አስናቀ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሹፌር፣ ቃላቸውን እንደ ፍሬን ቀስ አድርገው የሚይዙ ሰው። መዲና ቆማ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ስለ አስተኚው፣ ስለሚጣለው ጥሪ። «ወላሂ አልሰማሁም!» አለች። እንባዋ ካገጯ ሥር ይንጠባጠባል።

«እናቴን እንደ ልጅ ነበር የምትወዳት» አለች እታገኝ ከተቀመጠችበት። ሰው የምትምራት መሰለው። «እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ባትወዳት ኖሮ ንቃን ቀረች እል ነበር። የእናቴ ሬሳ ከእሷ አልጋ ትይዩ፣ ከአጥሩ ማዶ ሲታጠብ፣ እኔ እናቴን እየጠራሁ ስጮህ፣ እሷ ተኝታ! ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው? በግ እንኳ በግ ሲታረድ ይነቃል።»

ጋሽ አስናቀ ተናገሩ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ያንቺ ለጎረቤትም ባዳ ሆነ፣ መዲና። ያልሰማን ሰው ቅሬ ይምራል። እንዳይሰማ ጆሮውን ለሌላ የሰጠውን ግን ምን እናድርገው? ዛሬ አንቺ ነሽ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀበረበት ስንቱ ነው?» ብዙ ሰው እጁን ወደ ጆሮው ጀርባ ሰደደ። «ሕጉ ሦስት ይላል፤ የማክሰኞዎቹን ሁለቱን እንደ አንድ ብንቆጥራቸው እንኳ ሦስት ሆኗል። ስለ አባትሽ ስል አንድ እጨምራለሁ። የሚቀጥለው ቅሬ ሲጠራ፣ የማንም ይሁን፣ ውሃ ተሸክመሽ ከፊት እንይሽ። ከቀረሽ ወጥተሻል፤ ይማምም አብሮሽ።»

አቶ ይማም ወደ ቤት ሲመለሱ ምርኩዛቸውን እየጎተቱ ሄዱ። ልባቸው የደከመ ሰው ናቸው፤ ሐኪሙም እሳቸውም ያውቁታል። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ሰብስበው «ልጄዋ» አሉ፣ «ለመሞት አልቸኮልኩም። ግን የዚህን ሰፈር ሰው ሁሉ በዚህ ትከሻዬ ተሸክሜያለሁ። እኔን መኪና እንዲወስደኝ አልፈልግም።»

በማግስቱ ጧት መዲና ከፈረቃ እንደወጣች የፈረቃ ኃላፊው ዘንድ ገባች። ያፌት ይባላል፤ ልጅ እግር ነው፤ ሁሉንም ሰው አንቱ ይላል፣ አንቱታው ግን እንደ ብርጭቆ ውሃ ጣዕም የለውም።

«የቅሬ ጥሪ ይለፍልኝ» አለችው።

«አይቻልም፣ ወይዘሮ መዲና። ለእርስዎ ደኅንነት ነው። ሰው መሐል ላይ ሲቀሰቀስ ቀኑን ሙሉ ይፈዛል፣ ይሳሳታል።»

«ለቀባሪው አረዱት! ዘጠኝ ዓመት መሐል ላይ ስትቀሰቅሱኝ የኖራችሁት እናንተ አይደላችሁ?»

«የእኛ ጥሪ የታወቀ ነው። እንቅልፉ እንደተፈጸመ ይቆጠራል። በሌላ ጥሪ የተቆረጠ እንቅልፍ ግን ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ሙሉውን ሳይተኙ ሥራ መግባት አይችሉም፤ ያ ፈረቃ ደግሞ መቅረት ይባላል።»

መዲና ወንበሩን ሳትጋበዝ ስባ ተቀመጠች። «አንድ ነገር አስረዳኝ። እንቅልፉ ያው የእኔ እንቅልፍ ነው። ጎረቤት ሲቆርጠው ምንም እንዳልተኛሁ፣ እናንተ ስትቆርጡት ሁሉን እንደተኛሁ። ታዲያ እናንተ ስትቆርጡት የቀረው፣ ያልተኛሁት፣ የት ይሄዳል?»

ያፌት ፈገግ አለ። ጥያቄው እውነትም የወደደው መሰለ። «የትም አይሄድም። አስተኚው እንቅልፉ በተቆረጠ ቁጥር የቀረውን ይናገራል። ይህን ያህል ቀርቷል ብሎ ይመልሳል፤ ሁሉም አለ።»

«ለማን ነው የሚናገረው?»

«ለጠየቀው። ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ግን የለም።»

«ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ፣ በለኛ!» አለችና ተነሣች። ያፌት መልካም እንቅልፍ ተመኘላት።

ያን ቀን መዲና አስተኚውን አልተጫነችም። አልጋዋን ትታ አባቷ ክፍል መደቡ ላይ ተጋደመች። አቶ ይማም ከጎኗ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እንዲህ ተስማሙ፦ እሷ እንደ ድሮ ሰው ትተኛለች፣ ሙሄ ሲጠራ እሳቸው ይቀሰቅሷታል።

የተረሳው ነገር መተኛቱ ነው። እንቅልፍ እንዴት እንደሚመጣ ረስታዋለች። ዓይኗን ጨፈነች፤ ጠበቀች፤ ምንም የለም። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው አጣች። የጎረቤት በር ሲከፈት ሰማች፣ ውሻ ሲያላዝን ሰማች፣ የራሷን ልብ ምት ሰማች፤ ይህ ሁሉ ድምፅ ቀን ቀን በቤቷ ውስጥ እንደሚኖር አታውቅም ነበር። ተበሳጭታ ተነሥታ ተቀመጠች። «አባየ፣ አይመጣም!»

«አትጥሪው» አሉ አባቷ። «እንቅልፍ እንደ ድመት ነው፤ ሲጠሩት ይሸሻል። ዝም በይው፤ ራሱ መጥቶ ጭንሽ ላይ ይወጣል።»

አልወጣም። በማግስቱም አልወጣም። ሌሊቱን በማሽኖቹ አዳራሽ ውስጥ ግድግዳ እየተደገፈች ነው ያደረችው። ድርጅቱም ሰው ስለጎደለው ቢያስገባትም ያልተመዘገበ እንቅልፍ እንቅልፍ አይደለም ብሎ አስጠነቀቃት፤ ቀጥሎም በተቆጣ ቋንቋ አስጠነቀቃት፤ ሦስተኛው ስንብት መሆኑን አሳወቃት። በሦስተኛው ቀን ግን አባቷ ስለ ሞተች በቅሎ የማያልቅ ወሬ እያወሩላት ሳለ፣ ከወሬው መሐል ሳታውቀው ሰጠመች። ሕልምም አየች። ሕልም! ስትነቃ አባቷን ይዛ ስታለቅስ አቶ ይማም ክፉ ሕልም መስሏቸው «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይሏታል። እሷ ግን የምታለቅሰው ከደስታ ነው።

ከዚያ ሳምንት ብዙም ሳይቆይ ሙሄ ጠራ። አቶ ይማም እግሯን ይዘው ነቀነቋት፤ አንዴ፣ ሁለቴ። እንደ ሰው ነቃች፣ ጸጉሯ ተበትኖ፣ አፏ ደርቆ።

«ማን ነው?»

«ገላጋይ።»

መዲና ባትስቅ ጥሩ ነበር፣ ሳቀች። ስሙ ገላጋይ ይሁን እንጂ ሥራው ማጣላት ነበር፤ በሰፈሩ ያልከሰሰው አጥር፣ ያልተጣላው ዶሮ የለም። መዲናንም የዝናብ ውሃሽ ወደ እኔ ግቢ አየ ብሎ ሁለት ዓመት አላናገራትም። ቅሬ ግን የማንም ይሁን ብሏል። ጀሪካኗን ሞልታ ጀርባዋ ላይ አዘለችና ወጣች።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው ዳገት ላይ ከሴቶቹ ፊት ሆና ስትወጣ የድርጅቱ ጥሪ ገባ። ለነቃ ሰው የድርጅቱ ጥሪ ከጆሮ ጀርባ እንደ ጥርስ ሕመም ይጀምራል፤ መልስ እስኪያገኝ ይጠነክራል። መዲና ጥርሷን ነክሳ ወጣች። መቃብሩ ጋ ሲደርሱ ግማሽ ፊቷ ደንዝዟል። ለቆፋሪዎቹ በጣሳ ውሃ ቀዳች። ቆፋሪዎቹ ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጎረምሶቹ በየቤታቸው አስተኚያቸውን ተጭነው ተኝተዋል። ጋሽ አስናቀ ራሳቸው ሸሚዛቸውን አውልቀው ጉድጓድ ውስጥ ገብተዋል። አዩዋት፤ አንገታቸውን ነቀነቁና አካፋቸውን አነሡ።

እታገኝ ጀሪካኑን ከእጇ ተቀበለቻት። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ተጣሟል።»

«እየጠሩኝ ነው።»

«እነማን?» አለችና ገባት። «ታዲያ ሂጂያ። ታይተሻል፤ ቅሬው አይቶሻል። ሕጉ ሞልቷል።»

«ገላጋይ ገና መቃብር አልገባም» አለች መዲና።

እታገኝ ቆማ አየቻት። ከዚያ ነጠላዋን አጣጥፋ በጀሪካኑ ውሃ አራሰችና ከጆሮዋ ጀርባ ያዘችላት። ሕመሙን አላስታገሠውም። መዲና ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ቀን ወዲህ በረጅሙ ተነፈሰች። «ይቅር በይኝ፣ እቴ» አለች። «እማማን... እንደዚያ ስጠራቸው...»

«ዝም በይ» አለች እታገኝ፤ እሷም ታለቅሳለች። «ብትሰማሽ እኮ ትመልስልሽ ነበር።»

ፍታቱ አለቀ፣ አፈሩ ተመለሰ። ጥሪው በራሱ ተከፈተና የያፌት ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ገባ፤ ለስላሳ ነበር። ሦስተኛው አዳራሽ ሞቋል፣ ሰው ጠፍቷል፣ የት ነዎት? መዲና መልሱን ጮክ ብላ ሰጠችው፤ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ቀብር ላይ ነኝ።»

«የቤተሰብ ነው?»

«የጎረቤት። ደግሞ የማልወደው ጎረቤት!»

«ወይዘሮ መዲና፣ አሁኑኑ ካልመጡ ይሰናበታሉ። አስተኚውም ይዘጋል። ያለሱ እንዴት ሊተኙ ነው?»

«አባቴ አስተምሮኛል» አለችው። «አሁን አንተ ስማኝ። ለጠየቀው ይናገራል ብለኸኛል፤ ይኸው እኔ ጠየቅሁ። ዘጠኝ ዓመት እየቆረጣችሁ ያስቀራችሁብኝን እንቅልፍ ቁጠሩና መልሱልኝ። ከዛሬ ጀምሬ እተኛዋለሁ። ተኝቼ ስጨርስ፣ ያኔ ሥራ እመጣለሁ።»

«ይህ... እንዲህ ዓይነት አሠራር የለም።»

«እንግዲህ አሁን ተጀመረ!»

ከሴቶቹ መሐል አንዷ፣ የሁለተኛው አዳራሽ ሠራተኛ የሆነች፣ እጇን ወደ ጆሮዋ ጀርባ አደረገችና «የኔም አለ፤ እኔም ጠይቄያለሁ» አለች፤ ለማን እንደተናገረች አልታወቀም። ከኋላዋ ሌላ ድምፅ «የኔም» አለ። ጋሽ አስናቀ አካፋቸውን በድንጋይ ላይ ጠረጉና ወደ መዲና መጡ። «ነገ ከድርጅቱ በር ላይ ቅሬው ይሰበሰባል» አሉ። «እኛ የምንሰበሰበው ለሬሳ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?»

መዲና ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልዘቀዘቀችም። ጆሮዋ ጀርባ ጸጥ ብሏል፤ ዘግተውታል። ከነጫማዋ አባቷ መደብ ላይ ወደቀች። አቶ ይማም ጫማዋን አወለቁላት፣ ጋቢያቸውን ደረቡላት፣ ወንበራቸውን ሳቡ።

«መቼ ልቀስቅስሽ?» አሏት።

«ቅሬ ሲጠራ» አለች፤ ከዚያ እንቅልፉ ራሱ መጣ።